ሦስቴ የምትቀራው አንቀጽ

ከወረታ ከተመለስኩ ሳምንቴ ነው። የፎገራ ጭቃ ከጫማዬ እስካሁን አልለቀቀም፤ ሁለቴ አጥቤው ስፌቱ ውስጥ አለ። የደሴ ጎረቤቶቼ «ምን ይዘሽልን መጣሽ? ጣና እንዴት ነው?» ይሉኛል። ኧረ እኔ ጣናን አላየሁትም! አጠገቡ ሄጄ ጣናን ሳላይ የተመለስኩ ሰው ነኝ። የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ከመጀመር አንዴ ልጻፈውና ይገላግለኝ።

ጉዳዩ የእናቴ ነው። እናቴ ፋጡማ ፊደል አትቆጥርም፤ የአማርኛውንም የዓረብኛውንም። ግን ከሱብሂ ሶላት በኋላ ያሲን የሚባለውን የቁርኣን ምዕራፍ በቃሏ ሳትቀራ የቀረችበትን ጠዋት አላስታውስም። ያሲንን የያዘችው በጆሮዋ ነው። የተወለደችው ወረታ አጠገብ ነው፤ ልጅ ሳለች አንድ ሸማኔ ሸህ ቤት ጥጥ ትዳምጥ ነበር። ሸሁ እየሸመኑ ደረሶቻቸውን፣ የቁርኣን ተማሪዎቻቸውን፣ ያስቀራሉ፤ እሷ ከሸንበቆው ክፍልፍል ማዶ ተቀምጣ የጥጥ ፍሬ እየለቀመች ትሰማለች። ማንም ቅሪ አላላትም፤ ማንም ቀርታ አልሰማትም። ኋላ ለአባቴ ተድራ ደሴ ስትመጣ ያሲንን በሆዷ ይዛ መጣች።

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሒሳብ መምህርነት የጨረስኩ፣ ጡረታ ስወጣ መስጊድ የሴቶች ትምህርት ገብቼ ቁርኣን ማንበብ የጀመርኩ ሴት ነኝ። ቀይ እስክሪብቶው ከእጄ ወጣ እንጂ ከልቤ አልወጣም። አንድ ቀን ጠዋት እሷ በቃሏ ስትቀራ እኔ ሙስሐፉን ገልጬ በጣቴ ተከተልኳት። አላህ የሞተችውን ምድር ሕያው አድርጎ እህል እንዳወጣባት የምትናገረው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ሦስት ጊዜ ደጋገመቻት። መጽሐፉ ላይ ያለችው አንዴ ነው።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሻል» አልኳት። እንዲህ በደረቁ።

«በዚያ ቤት እንዲህ ነው የሚቀራው» አለችኝ።

«እንግዲያው ያ ቤት ተሳስቷል።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! በማግስቱ ሱብሂን ሰግዳ ዝም አለች። በሦስተኛውም ቀን ዝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ጠዋት ጠዋት ጭር አለ፤ ሰው የሞተብን መሰለ። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ «እማዬ አፉ በይኝ፣ እንደ ድሮሽ ቅሪ» ብላት እንዲህ አለችኝ። «ለሟች አባትሽ ስልከው የኖርኩት ሁሉ ስህተት ከሆነስ? ደግሞ ሳልጠይቅ የወሰድኩት ኢልም፣ የሰው ዕውቀት ነው፤ ተደብቄ። ያ ቤት ሰምቶኝ አውፍ ሳይለኝ አፌን አልከፍትም።»

ጉልበቷ አይሄድም። ስለዚህ ስልኬን አፏ ሥር ደቀንኩ፣ አንድ ጊዜ ቀራችልኝ፣ ቀዳሁት። ሸሁ ዱሮ ሞተዋል፤ ልጃቸው በቦታቸው ተተክቶ ያስቀራል መባሉን ከዘመድ ሰማን። «ባዶ እጅሽን እንዳትገቢ» ብላ አንድ ካርቶን ተምር አስገዛችኝ። ያዘዘችኝም ይኸው ነው፤ ያ ቤት ይስማትና ይፍረድ።

ማክሰኞ

ሚኒባሱ ሳይነጋ ከደሴ ተነሳ። ወልድያ ላይ ሻይ ጠጣን፣ ከዚያ ሚኒባሱ ዳገቱን ይዞ ሲዞር ሲዞር ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ አስታወካቸው፤ ሎሚ ሰጠኋቸውና እስከ ጋሸና ወዳጅ ሆንን። ጋሸና ላይ ሽሮ በላሁ። የጋይንት ብርድ የደሴን ብርድ ያስመሰግናል፤ እኔ ብርድ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፣ ነጠላዬን ደርቤ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር።

ደብረ ታቦር ስገባ መሽቶ ነበር። አልጋ የያዝኩበት ቤት አስተናጋጇ ክርስቲያን ናት፤ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ከመስኮት መስኮት ስመላለስ አይታ «እማማ፣ ከዚህ በፊት ያረፉት ሰውዬ ወደዚያ ዞረው ነው የሰገዱት» ብላ ቁምሳጥኑ ወዳለበት ጥግ አሳየችኝ። ቁምሳጥኑንም ብቻዋን ገፍታ ቦታ ለቀቀችልኝ። ስሟን አለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ረቡዕ

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ቁልቁለት ነው። ጆሮዬ ተደፍኖ ተከፈተ፣ ነጠላዬን አወለቅሁ፣ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ከዚያ ሜዳው ተዘረጋ። እኛ ደሴ ላይ ሜዳ የምንለው ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትን ነው። ይህ ግን ዓይን አይጨርሰውም። ሩዙ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ውኃው ውስጥ ቆሟል፤ ላሞቹ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ይግጣሉ። የእኛ አገር ላም እንዲህ ብትገባ ሰው ጮሆ ያወጣታል።

ወረታ ላይ ባጃጅ ተኮናተርኩ። ሹፌሩ አደራው የሚባል ጎልማሳ፣ ወሬኛ ነው። የሸማኔዎቹ መንደር ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ ነው አሉኝ። «መንገዱ ደርቋል?» ብዬ ብጠይቀው «አንድ ጠብታ የለም!» ብሎ ማለልኝ። ጥቂት እንደሄድን ባጃጇ እስከ ሆዷ ጭቃ ገባች።

«አንድ ጠብታ የለም አላልክም?»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ጠብታ አይደለም» አለኝ፤ ደግሞ ይስቃል!

ወርጄ ልገፋ ስል አንዱ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ጎንበስ ብዬ ስስበው ስልኬ ከደረቴ ተንሸራቶ ሩዙ ውስጥ ፖቾቅ አለ። እንዴት እንደጮኽኩ አትጠይቁኝ። እናቴ እኮ ናት የገባችው! ክንዴን እስከ ብብቴ ነክሬ አወጣሁት፤ ውኃ ከሁሉ ቀዳዳው ይፈሳል፣ አይበራም። ተቀዳልኝ ብዬ ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩት፣ ለማንም አልላክሁት። የሰውን ስህተት ስለቅም የኖርኩ መምህርት ይቺን አላሰብኳትም።

ከማሳው ዳር ባለች ማማ ላይ ሆና የሩዝ ወፍ የምትጠብቅ ሴት ጩኸቴን ሰምታ ወንጭፏን እንደያዘች መጣች። እትዬ የሻረግ ትባላለች፤ በዕድሜ እኩያዬ ብትሆን ነው። አደራው ባጃጁን ከሰዎች ጋር ሲጎትት እሷ እጄን ይዛ ቤቷ ወሰደችኝ። እግርሽን ካላጠብኩ ብላ ታገለችኝ፤ እንቢ ብል የት ሰምታኝ! ስልኩን ተቀብላ በነጠላዋ ጠራርጋ ሩዝ የሞላ ጆንያ ውስጥ እስከ ክርኗ ቀበረችው።

«ሩዙ ውኃውን ይጠጣልሻል። የልጄም ስልክ እንዲህ ሆኖ ድኗል። እስክትመለሺ እንዳትነኪው።»

«የእናቴ ድምፅ አለበት» አልኩና አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳት።

ወተት አፍልታ በትልቅ ጣሳ አቀረበችልኝ። «አንቺስ?» ብላት «ረቡዕ አይደል እቴ፣ ጾም ነው። አንቺ ጠጪ፣ እኔ አይሻለሁ» አለችኝ። የፎገራ ላም ወተት ወፍራም ነው፤ የእኛ የደሴው ወተት ለካ ውኃ ነበር። እየጠጣሁ ሳለ «ወንድሜ የቆሎ ተማሪ ሳለ ንባብ ሲስት መምህሩ በጭራሮ ነበር የሚሉት። እኒህ የእናንተ ሸህ ግን አይማቱም ይላሉ። አይዞሽ፣ አይቆጡሽም» አለችኝ።

ሸማኔዎቹ መንደር የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። የሸሁ ልጅ ሸህ ኑሩ የሉም፤ ይፋግ ለቅሶ ሄደዋል፣ ነገ ይመለሳሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነብ ግን «እዚህ ቤት ጥጥ የዳመጠችው የፋጤ ልጅ ነኝ» ስላት እንደ እህቷ አቀፈችኝ። ፋጤን አታውቃትም፤ «ለዚህ ቤት ጥጥ የዳመጠ ሰው ልጅ የእኛ ናት» አለች። ማታ የሩዝ ቂጣ በቅቤ አበላችኝ። ሩዝ እኛ አገር የሠርግ ምግብ ነው፤ እዚህ ልጆቹ ቂጣውን እየገመጡ ይሯሯጣሉ።

ስልኬ መስጠሙን ነገርኳት። «አንቺ ታውቂው የለ? የእናትሽን አቀራር በአፍሽ ቅሪላቸው» አለችኝ። እኔ? መስጊድ ውስጥ እንኳ ተራዬ ሲደርስ ሳል የሚይዘኝ ሴት?  ዘይነብ ሳቀችብኝና የቤቱን ወግ ነገረችኝ። «ሸሁ ተሳሳትሽ አይሉሽም። ከአባታቸው የወረሱት ነው። እየሸመኑ ያዳምጣሉ፤ መወርወሪያው ከሄደ ትክክል ነሽ፣ ዝም ካለ ወደ አንቀጹ መጀመሪያ ተመለሺ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

እኔ ያን ሁሉ ዓመት በቀይ ስሰርዝ ለካ በዝምታም ይታረማል።

ሐሙስ

ሸህ ኑሩ ረፋዱ ላይ መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው ጥጥ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ሰላም ብለውኝ ከሸማ ዕቃቸው ጉድጓድ አፍ ተቀመጡ፣ እግራቸውን ታች መርገጫው ላይ አደረጉ። ተምሩን አቀረብኩ። «ባረከላሁ ፊኪ» ብለው ከጎናቸው አኖሩት። የሸንበቆው ክፍልፍል አሁንም አለ፤ ታድሷል፣ ቦታው ግን ያው ነው። ዘይነብ በዚያ በኩል ፈትሏን ይዛ ተቀመጠች።

የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ እናቴ ተደብቃ መስማቷን፣ ዝም ማለቷን። ዝም ያሰኘኋት እኔ መሆኔንም አልደበቅሁም። አንቀጿ የትኛዋ እንደሆነች ግን አልነገርኳቸውም፤ እንዲሰሙት ነው የፈለግሁት። መወርወሪያቸውን አነሱና «እናትሽ እንደሚቀሩት አድርገሽ ቅሪ ልጄ» አሉኝ።

ጀመርኩ። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ገና ከመጀመሪያው ዝም አለብኝ! ተመለስኩ፤ ሄደ። ሁለተኛም ቆመ፣ ሦስተኛም። እነዚያ ስህተቶች የእኔ እንጂ የእናቴ አልነበሩም። እየቆየሁ ግን ድምፄ ወደ እናቴ ዜማ ገባ፤ ልጅ ሆኜ አንሶላ ተከናንቤ ስሰማው ወደኖርኩት። ከዚያ በኋላ መወርወሪያው ሳይቆም ብዙ ሄድን።

የሞተችው ምድር ላይ ደረስኩ። አንዴ ቀራኋት፤ መወርወሪያው ሄደ። ደገምኳት፤ መወርወሪያው ዘገየ። ሦስተኛውን ስል ቆመ። እኔ የቤቱ ወግ ነው ብዬ ተመልሼ አራተኛ ጀመርኩ! «በቃ ልጄ፣ በቃ» አሉኝ።

እጃቸውን ድሩ ላይ አሳርፈው አቀረቀሩ። ጠበቅሁ። ለእናቴ ምን ይዤ እገባለሁ?

«ይህ የእናትሽ ስህተት አይደለም። የእኔ ነው» አሉ።

አልገባኝም።

«ልጅ ነበርሁ። ይህችን አንቀጽ አጣርቼ እቀራለሁ፤ እህል ነውና አውቀዋለሁ፣ ደጃፋችን ያለ ነገር ነው። ከሷ ቀጥሎ ያለችው ግን የተምርና የወይን አትክልት ናት። እኔ ተምር የት አይቼ? ወይን የት አይቼ? አባቴ ትርጉሙን ቢነግሩኝም ዓይኔ ላይ አልመጣ አለ። እዚያ ስደርስ መጀመሪያዋ ይጠፋኛል። አባቴ መወርወሪያውን ያቆማሉ፣ እህሉ ላይ እመለሳለሁ። ደግሞ ይጠፋኛል፤ ደግሞ እመለሳለሁ። በሦስተኛው ይመጣልኛል። በየቀኑ እንዲሁ ነው፤ ምንም ሳይናገሩኝ ክረምቱ አለፈ። ፋጤ ከዚያ ማዶ ሆና እኔን ነው የያዘችው፤ ከነመሰናከሌ።» ከዚያ ሳቁ፣ ሳቃቸውም ወደ ለቅሶ ሄደ። «ስልሳ ዓመት አለፈው። እኔ እንኳ ረስቼዋለሁ። የልጅነት ድምፄን ደሴ ድረስ ይዛልኝ ኖራለች ማለት ነው።»

ዘይነብ ከማዶ እንዝርቷን አቁማ «ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!» ትላለች።

እኔም የቀረውን ጥያቄ ጠየቅሁ። «ሸሃችን፣ ሳታስፈቅድ የወሰደችውስ? ተደብቃ…»

ቀና አሉ። «ማን ነው ተደበቀች ያለሽ? ጥጡ ድሮ ይዳመጥ የነበረው ከጓሮ ነው። ክፍልፍሉ ሥር እንዲሆን ያዘዙት አባቴ ናቸው፤ ያቺ ልጅ ስትሰማ እጇ እንደሚቆም አይተው። ፋጤ ተድራ የሄደች ዕለት እናቴ ምሳ ስታቀርብ አባቴ ምን አሉ መሰለሽ? ‹ከደረሶቼ አንዷ ቀጣዩን ምዕራፍ ሳትጀምር ሄደች› አሉ። እዚሁ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።»

ከደረሶቼ አንዷ! ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስኩ፣ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት። እሳቸው የተምሩን ካርቶን ከፈቱ፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለዘይነብ፣ አንዱን ለራሳቸው አነሱ። «አባቴ ቢኖሩ ‹ኑሩ፣ ይኸው ተምሩ መጣልህ፣ እንግዲህ አትሰናከል› ይሉኝ ነበር» አሉ።

ዓርብ

ከጁምዓ በፊት በዘይነብ ስልክ ደሴ ደወልን። ቁጥራችንን በቃሌ በመያዜ ሒሳብ መምህርነቴን አመሰገንኩ። ሸህ ኑሩ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ተነስተው ቆሙ፤ ለትልቅ ሰው እንደሚቆሙት።

«እት ፋጤ፣ ኑሩ ነኝ።»

 እናቴ «ያ ንፍጣሙ ኑሩ?» ስትል ሁላችንም ሰማን። አጠገባችን የነበሩት ደረሶች ሳቃቸውን ሊውጡ ጎንበስ አሉ።

«እሱው ነኝ። ያሳሳትሁሽ እኔ ነኝ፤ አውፍ በይኝ» አሏት። ሁሉንም ነገሯት፤ ክረምቱን፣ የተምሩን አትክልት፣ ቆሞ የነበረውን መወርወሪያ። ደጋግሞ መቅራት ጥፋት እንዳልሆነ፣ የላከችውም ዱዓ እንደማይጠፋ፣ አንቀጿ ግን አንዴ እንደሆነች። በመጨረሻ አባታቸው ያሉትን ነገሯት።  «እት ፋጤ? አለሽ?»

«አለሁ» አለች። «አባትህ ያውቁ ነበር በለኛ።»

«ያውቁ ነበር።»

«እንግዲያው ለምን ግቢ አላሉኝም?»

 ይህን እስካሁንም ሳስበው ያመኛል። ሸህ ኑሩ «አሁን እኔ ግቢ እልሻለሁ፤ በዚህ ስልክ ቀጣዩን ጀምሪ፣ ሐሙስ ሐሙስ እሰማሻለሁ» አሏት።

ከሰዓት በኋላ አደራው መጣ፤ በዚህ ጊዜ ስለ መንገዱ አልማለልኝም። የሻረግ ቤት ወረድኩ። ጆንያው ውስጥ እጇን ሰዳ ስልኩን አወጣች፤ ቻርጅ መሰኪያው ቀዳዳ ውስጥ አንዲት ፍሬ ሩዝ ተወትፋለች። በመርፌ አወጣናት። በራ! የእናቴ ድምፅ ቤቱን ሲሞላው የሻረግ ምድጃው ጥግ ቆማ እስከመጨረሻው አዳመጠች። ሲያልቅ «እና ተሳስተዋል ወይስ አልተሳሳቱም?» አለችኝ። ነገርኳት። «እሰይ! እሰይ የእኔ እናት!» ብላ እልል አለች፤ ከዚያም ለእናትሽ ስጪ ብላ አንድ ቁና ሩዝ ቋጠረችልኝ።

እሑድ

ቅዳሜን መንገድ ላይ አሳልፌ ደሴ የገባሁት ማታ ነው። እናቴ ስማኝ፣ ሩዙን ዳብሳ፣ ብዙ ሳትናገር ተኛች።

ሱብሂ ላይ የሷ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ተነስቼ ከመጋረጃው ማዶ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሙስሐፍ አልያዝኩም። የሞተችው ምድር ላይ ደረሰች። አንዴ ቀራቻት። በቀጥታ ወደ ተምሩና ወይኑ አትክልት ገባች፤ ጥርት አድርጋ። እኔ ያረምኩት ነገር ታረመ፣ ግን ምነው የድሮው ናፈቀኝ! ዕድሜዬን ሙሉ የለመድኳቸውን ሁለቱን ድግግሞሽ በከንፈሬ ሞላሁላት፣ ቀስ ብዬ።

ድምጿ ቆመ።

«ዘሀራ፣ እዚያ ሆነሽ እንደምትሰሚ የማላውቅ መስሎሽ ነው? ከማዶ አታንሾካሹኪ» አለችኝ። «ግቢና አጠገቤ ቅሪ።»

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።